በክር የተያያዙ ስፔሰሮች

ቀጤ ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብሩ የገባችው ሁለቱ ደንበኞች እስኪወጡ በር ላይ ቆማ ከጠበቀች በኋላ ነው። ሰው አለመኖሩን ስታረጋግጥ ወደ ባንኮኒው ተጠጋችና እንደ ሌባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ስፔሰር አለ?» አለች።

ሻጩ ቀና ብሎ አያት። የሱሪዋ ጉልበት ነጥቷል፤ ጥፍሮቿ ሥር ሲሚንቶ ደርቋል።

«አለ። ስንት ሚሊ?»

«ሦስት።»

ከመደርደሪያው አንድ ከረጢት አውርዶ አሳያት። ውስጡ የመደመር ምልክት የመሰሉ፣ ጥፍር የማያክሉ ነጫጭ ፕላስቲኮች አሉ። በሴራሚክና በሴራሚክ መሃል እየገቡ ክፍተቱን እኩል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

«ነጩ ያሳብቅብኛል» አለች።

«ለማን?»

ቀጤ ዘወር ብላ በሩን አየች። ቀስ ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ብዙ ቆይቶ፣ ልብሱ አቧራ ለብሶ፣ ሌላ ከረጢት ይዞ ተመለሰ።

«ይሄ ግራጫ ነው። ከማጣበቂያው ጋር ይመሳሰላል። ጎንበስ ብሎ የሚፈልገው ካልሆነ በቀር ማንም አያየውም።»

ከዚያ ሳትጠይቀው፣ ውስጡ በማይታይ የወረቀት ከረጢት አደረገላት።

«ብቻ እህቴ፣ ወንጀል ከሆነ ስሜን እንዳትጠሪ።»

ቀጤ ሳቀች። ከሳቀች ሳምንታት አልፈው ነበር።

ነገሩ ወንጀል ባይሆንም ከወንጀል ብዙም የራቀ አይመስላትም ነበር። አባቷ ሴራሚክ ማንጠፍ ከጀመረ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። በሙያው ያሉ ሁሉ «ባለዓይኑ» ይሉታል። አንዲት ሲባጎ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጥራል፤ ከዚያ ወዲያ መለኪያም አይፈልግም፣ ረዳትም አይጠራም። ሥራው አልቆ ከበር ላይ ቆመው ሲያዩት ክፍተቶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ። ስፔሰር የሚባል ነገር ግን ዓይኑ ቢያይ አይወድም። «የሰነፍ ምርኩዝ» ነው የሚለው። አንድ ጊዜ አብሮት የሚሠራ ሰው ኪስ ውስጥ አግኝቶ «እግርህ ደህና ነው፤ ምርኩዙ ለማን ነው?» ቢለው ሰውየው በማግስቱ አልመጣም።

ቀጤን ያሳደጋት ይኸው ሰው ነው። እናቷ የሞተችው እሷ አሥር ዓመት ሳይሞላት በመሆኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሥራ ቦታ ትሄድና ከበር ውጭ የወለቁትን የሠራተኞች ጫማዎች ጥንድ በጥንድ ቀጥ አድርጋ ስትደረድር ትቆያለች። «ቀጤ» የሚለውን ስም አባቷ ያወጣላት ያኔ ነው። አድጋ ሌላ ሥራ ቢፈልግላትም አልሄደችም። የጎማ መዶሻዋን ይዛ ከኋላው መከተል ወደደች።

ከሁለት ወር በፊት የአንድ ክሊኒክ ኮሪደር ሲሠሩ፣ ማለዳ ከአባቷ ቀድማ ደረሰችና ከበሩ ቆማ ወለሉን አየችው። መስመሩ መሃል ላይ እንደ ሰካራም ወደ ግራ ዘመም ብሏል። መጀመሪያ ዓይኗን ጠረጠረች። ጠጋ ስትል ግን አልተሳሳተችም፤ አንዱ ክፍተት ሁለት ሚሊ፣ አንዱ አምስት። የዘመሙትን አምስት ሴራሚኮች ነቅላ፣ አጽድታ፣ እንደገና አነጠፈች። አባቷ መጣ። ተንበረከከና ክፍተቶቹን በጣቱ እየዳሰሰ፣

«አየሽ?» አላት። «ዓይን ያለው ሰው ምርኩዝ አያስፈልገውም።»

በጣቱ መዳሰስ የጀመረው መቼ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያሰበችው። ቤትም ቢሆን ሻይ ሲቀዳ ጣቱን የስኒው አፍ ላይ ያደርጋል። ሰው ሰላም ሲለው ድምፁን ሰምቶ ነው ስሙን የሚጠራው። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው «ዓይኔ ምን ሆነ?» አለና ሳምንቱን ሙሉ ኮስተር አለባት። ባለዓይኑ ዓይኑን ታመመ ከተባለ ምን ይቀረዋል? ቀጤም ነገሩን አልደገመችውም። በሆዷ ያዘችው።

ስፔሰሩን ከገዛች ወዲህ እሱ ከፊት ያነጥፋል፣ እሷ ከኋላ መዶሻዋን ይዛ «ላረጋጋው» እያለች ትከተላለች። ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታ፣ ግራጫዎቹን ስፔሰሮች በየክፍተቱ አቁማ ትሰካና የዘመመውን ታቃናለች። ጠዋት ጣቱ እንዳያገኛቸው ደግሞ ከሱ አንድ ሰዓት ቀድማ መጥታ አንድ በአንድ በጉጠት ትነቅላቸዋለች።

ይህን ሁሉ ለሻጩ የነገረችው በአራተኛው ሳምንት ነው። ስፔሰር ቶሎ አያልቅም፤ እሷ ግን በየሳምንቱ እየመጣች ነበር። እሱም ይህን ያስተዋለ ቢሆንም አላነሳባትም። ደንበኞቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሲናገርም፣ ሲመዝንም፣ ሲስቅም አይቸኩልም። መደብሩ የአጎቱ ነው፤ እሱ እዚያ መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«የምትነቅይበት አንድ ሰዓት አይበቃሽም» አላት ሰምቶ ሲያበቃ።

«አይበቃኝም። ትናንት ሁለቱ ቀርተውብኝ በጫማዬ ቆሜባቸው ነው ያለፍኩት።»

አላሳቀውም። ባንኮኒው ላይ የተበተነውን አንዱን ስፔሰር አንስቶ በሁለት ጣቱ ሲያገላብጠው ቆየ።

«ቅዳሜ ተመለሺ» አለ።

ቅዳሜ ስትመለስ አንድ ክር ሰጣት። የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ቀጭንና የማይታይ። በክሩ ላይ በየስልሳ ሳንቲሙ፣ ልክ እሷ በምታነጥፈው የሴራሚክ ስፋት፣ አንዳንድ ስፔሰር በጠባብ ቋጠሮ ታስሯል። ጠቅላላው አርባ ናቸው።

«ጫፉን ይዘሽ ሳብ ስታደርጊው ተከታትለው ይወጣሉ» አለ። «ሞክሬዋለሁ። እቤት፣ በሁለት ሳንቃ መሃል።»

ቀጤ ክሩን በመዳፏ ይዛ ቋጠሮዎቹን ቆጠረች። ጣቶቹን አየች፤ የሁለቱ ጫፍ በክር ተቆርጦ ቀልቷል። እሱ ሚስማር የሞላውን ሳጥን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ስንት ሌሊት ፈጀብህ?»

«አልቆጠርኩም። ደንበኛ ሲጠፋም እሠራ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ጫፉን ሳበችው። አርባውም እንደ ዶቃ ተከታትለው ወጡ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። አባቷ እስኪመጣ በተረፋት ጊዜ መስኮት ላይ ተቀምጣ ስለ ሻጩ ስታስብ ቆየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መደብሩ ስትሄድ ፀጉሯን ከአቧራ ታራግፍ ጀመር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አንድ ቀን ሥራው ላይ እያሉ ማጣበቂያ አለቀ። ቀጤ ሴራሚክ እየቆረጠች ስለነበር አባቷ «እኔ አመጣለሁ» ብሎ ሄደ። የሄደው ቅርብ ወዳለው መደብር ነው፤ ቅርቡ ደግሞ የቀስ በቀስ ነው። ሁለቱ ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። የተባባሉትን ቀጤ የሰማችው በኋላ ነው።

ሻጩ ባንኮኒው ላይ አጎንብሶ አዲስ ክር እየቋጠረ ነበር።

«ምንድን ነው የምትቋጥረው?» አለው ሽማግሌው።

«ስፔሰር ነው አባባ። እንዲህ በክር ሲያያዝ በአንዴ ስቦ ማውጣት ይቻላል።»

«ለምን ይወጣል? ሌላው እዚያው ትቶት የክፍተት መድፈኛውን ቦያካ ይሞላበት የለም?»

«ለአንዲት ሠራተኛ ነው የምሠራው። አባቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ እንዲሰማቸው ግን አትፈልግም። እሳቸው ያነጥፋሉ፣ እሷ ከኋላ ሆና ታቃናለች። ጠዋት ሳይመጡ ትነቅለዋለች።» ከቋጠሮው ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ሰው ለአባቱ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ሁለት ከረጢት ማጣበቂያ ጠየቀ። ሻጩ «ልሸከምልዎት» ቢለው እምቢ ብሎ ራሱ ተሸክሞ ወጣ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባለዓይኑ አንድም ሴራሚክ አላነጠፈም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ልጁ ስትሠራ ሲያዳምጥ ዋለ። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ማጣበቂያ የሚቀባበትን ማንኪያ አጥቦ፣ በጨርቅ አደራርቆ፣ እጀታውን ወደ እሷ አዙሮ ሰጣት።

«ከነገ ጀምሮ ያንቺ ነው።»

«ለምን አባዬ?»

«ከኋላዬ ማቃናቱ ይደክምሻል። ፊት ሆነሽ ሥሪ።»

«ማን ነገረህ?»

«ክር የሚቋጥር ልጅ።»

አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ ክንዱን ልትይዘው እጇን ስትሰድ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ መደብሩ ሲከፈት ቀጤ በር ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም። ቢጮህባት ይሻለው ነበር፤ ድምጿ ግን ከመጀመሪያው ቀንም የባሰ ዝቅ ያለ ነበር።

«ትናንት ማጣበቂያ የገዛው ሽማግሌ አባቴ ነው።»

የያዘው መቀስ እጁ ላይ ቀረ።

«ባንተ ብቻ ነበር የተማመንኩት» አለች። «ሠላሳ አምስት ዓመት የያዘውን ማንኪያ ትናንት አጥቦ ሰጠኝ። ከዛሬ በኋላ አልመጣም። አንተም እንዳትመጣ።»

ቀጤ መንገዱን ተሻግራ ጥጉን ስትታጠፍ ዓይኗ በእንባ ተሞላና ከመንገደኛ ጋር ተጋጨች።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ሥራ የአንድ ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ነበር፤ በስሟ የተቀበለችው የመጀመሪያ ሥራ። አዳራሹ ረጅም ነው። በአንድ በኩል ስድስት ትላልቅ መስኮቶች አሉት፤ ወለሉ ላይ ግማሽ ሚሊ እንኳ ብትዛነፍ የጠዋት ፀሐይ ታጋልጣታለች። አሁን ከማንም መደበቅ ስለማያስፈልጋት ነጫጭ ስፔሰሮችን ከከተማው ሌላ ጫፍ ካለ ሱቅ ገዝታ በግልጽ ደረደረቻቸው። ሥራው ቀና። ደስታው ግን አብሮ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሻይዋን ስትጠጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ድምፅ ከበር የመጣ እየመሰላት ዘወር ትል ነበር።

አባቷ መጀመሪያ ሰሞን ከቤት አልወጣም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከሰዓት ከሰዓት መጥፋት ጀመረ። ከድሮ ጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥ መስሏት ደስ አላት፤ አልጠየቀችውም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የግራ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ዕቃዋ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ሞራ ነው አሉ፤ ገፈፉት። ቀኙ ይቀራል።»

«ማን ወሰደህ? እኔ ስለምንህ አልከረምኩም?»

«ሴትዮዋ ናት ያሳመነችኝ።»

«የቷ ሴትዮ?»

ባለዓይኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «የልጁ እናት። ክር የሚቋጥረው።»

ቀጤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቷም፣ ልማዱ ባይሆንም፣ ሁሉንም ዘርዝሮ አወራላት። ልጁ ከነገሩ በኋላ ባለው ሳምንት፣ እሷ ሥራ ሳለች፣ ቤቱን ጠያይቆ መጥቶ በር አንኳኳ። ባለዓይኑ ድምፁን አወቀውና «ከቀጤ ጋር እንዳስታርቅህ ከሆነ እግርህን አታድክም» አለው። ልጁም፦ «ለዕርቅ አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ሌላው ደግሞ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ መርፌዋን ማየት አቅቷት ቁጭ ብላ ነበር፤ አሁን ትሰፋለች። እኔን አይመኑኝ፤ እሷን ይጠይቋት።» ባለዓይኑ በሩን ዘጋበት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ አሁንም ዘጋበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጫማውን አድርጎ ተከተለው።

«እናትየዋ ነገረኛ ናት» አላት ባለዓይኑ። «ስለ ሐኪም አንድ ቃል አልተናገረችም። ፊቴ ቁጭ ብላ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች፤ አወጣችው፤ ከዚያ እኔ እጅ ላይ አስቀመጠችልኝና "እስቲ አንተ አስገባው፣ ባለዓይኑ ይሉሃል አሉ" አለችኝ።»

«አስገባኸው?»

«እዚያው ስታገል መሸ።» ዓይኑ ላይ ያለውን ጨርቅ ዳሰሰ። «ቀጤ፣ እኔ እኮ ቢላውን አልነበረም የፈራሁት። ሐኪሙ "ሽማግሌው፣ ጨርሷል" ቢለኝስ ብዬ ነው።»

እጁን ያዘችው። አሁን ወደ ኪሱ አልከተተውም።

በማግስቱ ወደ መደብሩ ሄደች። ሻጩ መሰላል ላይ ቆሞ ቀለም እየደረደረ ነበር፤ ሲያያት ለመውረድ የወትሮውን ያህል ጊዜ ወሰደበት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«አትምጣ ብለሽኛል።»

«አባቴ ጋ ሂድ ያለህስ ማነው?»

«እሳቸው ጋ አትሂድ ግን አላልሽኝም።»

ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ቀለሞቹ ዞረች። እሱ ግን አልሳቀም።

«ምስጢርሽን አውጥቻለሁ» አለ። «አባትሽ መሆናቸውን አላወቅኩም፤ ያም ቢሆን ማውጣት አልነበረብኝም። ያወጣሁት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስላንቺ ሳስብ እውላለሁ፤ ስለ ክሩ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። ደስ ብሎኝ ለፈለፍኩ።»

ከውጭ ጋሪ የሚገፋ ሰው መንገድ ልቀቁ እያለ አለፈ። ቀጤ ባንኮኒው ላይ ያለውን እጁን አየችው፤ የቋጠሮው ቁስል ድኗል።

«እሑድ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አነጥፋለሁ» አለች። «ሴራሚክ የሚያቀብለኝ ሰው የለኝም።»

እሑድ ከእሷ ቀድሞ መጥቶ ጠበቃት። ያቀብላታል፣ ታነጥፋለች፤ ያቀብላታል፣ ታነጥፋለች። እኩለ ቀን ላይ ዳቦና ሙዝ በሉ። ከዚያ «እስቲ አንድ መስመር እኔ ልሞክር» አለና ከመጨረሻው መስኮት ሥር ተንበረከከ። ምላሱን ጥርሱ መሃል አድርጎ፣ እስትንፋሱን ይዞ ያነጥፍ ነበር። ቀጤ ሥራዋን ትታ አየችው።

«ቀጤ» አለ ቀና ሳይል፣ «ማጣበቂያው ሳይደርቅ አንድ ነገር ልበልሽ?»

«ሃያ ደቂቃ አለህ።»

«ካንቺ ጋር መኖር ነው የምፈልገው። ዕድሜዬን ሁሉ።»

ቀጤ የጎማ መዶሻዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። «ለዚህ ሃያ ደቂቃ አያስፈልግም ነበር» አለች። «የአባቴ ቀኝ ዓይንም ተገፏል፤ ማክሰኞ ይፈታል። እስከዚያ ታገሥ። በደንብ አይቶህ ይፍረድ።»

«ሐሙስም ቢሆን እጠብቃለሁ» አለ ቀስ በቀስ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ማክሰኞ ዓይኑ ተፈታ፤ ባለዓይኑ ከሐኪም ቤት ወደ ቤት አልሄደም። «አዳራሹን አሳዩኝ» አለ። ስፔሰሮቹ ተነቅለዋል፤ ወለሉ ተጠርጎ ቦያካውን ብቻ ይጠብቃል። በሩ ላይ ቆመ። ብርሃኑ አስለቅሶት እንደሆነ ወይም ሌላ ነገር፣ በእጁ ጀርባ ፊቱን ጠረገ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመስመሮቹ መሃል እስከ ዳር ድረስ ሄደ። ቀጤና ሻጩ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ጎን ለጎን ቆመው ይከተሉታል። አንድም ጊዜ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አልዳሰሰም።

የመጨረሻው መስኮት ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ይሄን ማነው ያነጠፈው?»

ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ አባባ። መሃል ላይ አንዱን ስፔሰር ረሳሁት መሰለኝ።»

ክፍተቱ አራት ሚሊ ነው። ሌላ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢመላለስበት አያየውም። ባለዓይኑ ወደ ቀጤ ዞረ።

«አይተሽው ነበር?»

«ያነጠፈ ጊዜ አይቻለሁ።»

«ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ገና ቦያካ አልገባበትም። ሦስቱን ብትነቅይ ይስተካከላል።»

«አይነቀልም አባዬ» አለች ቀጤ። «እንዲሁ ይኑር።»

አባቷ አያት። ሁለት ዓመት ሙሉ በጭጋግ ውስጥ ያያትን ፊት፣ ጉንጯ ላይ ያለችውን የሲሚንቶ ጠብታ ሳትቀር፣ አጥርቶ አየ። ከዚያ ሻጩን አየው፤ ከፀጉሩ እስከ ጫማው፣ ሳይቸኩል። ሻጩን ላብ አጠመቀው።

ባለዓይኑ ኮቱን አወለቀና መስኮቱ ላይ ሰቀለው። እጅጌውን ጠቀለለ።

«በል ልጄ፣ ባልዲውን አምጣ» አለው። «ቦያካውን እኔና አንተ እንበጥብጥ። ወፈር አድርገህ፤ ያንተኛው ክፍተት ብዙ ይጠጣል።»